ሁለት ምስጢሮች በአንድ ብልቃጥ

መርካቶም ሆነ ሾላ ገበያ፣ ቅመማ ቅመምና ዕጣን ከሚቸረቸርበት መደዳ ገባ ሲሉ የሐበሻ መድኃኒት ሻጮችን ማግኘት አይከብድም። የደረቀ ሥር በጆንያ ተከምሯል፤ የተወቀጠ ቅጠል በትናንሽ ፌስታል ታስሯል፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ተለውሶ በጠርሙስ ተደርድሯል። ለልጅ ሳል፣ ለጨጓራ፣ ለራስ ምታት የመጣ ገበያተኛ ሕመሙን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አጠገቡ የቆመውም ሳይጠየቅ ምክር ይጨምርለታል። ዕድሜው አርባን ተሻግሮ ብቻውን የመጣ ወንድ ግን አኳኋኑ ሌላ ነው። አንዴ አለፍ ብሎ ይመለሳል፤ ሌሎቹ እስኪሄዱ የማይፈልገውን የዝንጅብል ዋጋ ይጠይቃል፤ ሰው ሲጠፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለወንድ የሚሆን ነገር አለ?» ይላል። ሻጩ ዕድሜውን አይጠይቀውም፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ይኑርበት፣ ሌላ መድኃኒት ይውሰድ አይጠይቀውም። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ብሎ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሰውየውም ሂሳቡን ከፍሎ፣ ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላል።

ይህ ገበያ ከጉልት ወጥቶ ከተማውን ከሞላ ቆይቷል። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ በየሰፈሩ የተሰቀለው የባህል ሕክምና ታፔላ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለቀቀው ማስታወቂያ አዘራዘራቸው አንድ ነው፤ ኪንታሮት፣ አስም፣ ጨጓራ፣ ሪህ ብሎ ይቀጥልና ስንፈተ ወሲብ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን የሚል ተስፋ፣ ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም የሚል ማረጋገጫ ይከተላል። ስለ ጉዳዩ ክርክር ሲነሳ ሰው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን ነገሩን ድንቁርና ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው የአባቶችን ጥበብ ናቃችሁ ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ቅጠሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይለያል፤ ወንዱ በዚያ መደብ ፊት ቆሞ ከቅጠሉ በፊት የሚገዛው ዝምታን ነው፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳትም የሚመጣው ከዚሁ ዝምታ ነው። ዝምታው እንዴት እንደሚሠራ ካልተረዳን መድኃኒቱን ብናወግዘውም ብናወድሰውም ሰውየው ያው ወደ ጉልቱ ይመለሳል።

ያለውን አማራጭ አስቡት። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። የሙቀትና የግፊት ልኬት ላይ ምን እንዳመመው ሌላ ሰው በሚሰማበት ይጠየቃል። ምርመራ ክፍል ሲገባ በሩ ገርበብ ያለ ነው፤ ቀጣዩ ታካሚ አንገቱን ያስግጋል፤ የሥራ ባልደረባ ፎርም ለማስፈረም ይገባል። የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ተማሪዎች አልጋውን ይከባሉ። ጠያቂዋ በልጁ ዕድሜ ያለች ሐኪም ልትሆን ትችላለች፤ እሷም ብትሆን አባቷ የሚሆንን ሰው ስለ መኝታው መጠየቅ ያሳፍራታል። መድኃኒት ከታዘዘ ስሙ በፋርማሲ መስኮት ይጠራል። ወንድነት የማይታማበት፣ ቢታማም ለማንም የማይነገርበት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ አስቦ ጉልቱን ቢመርጥ ሞኝ ሊባል አይገባም። ዋጋ አነጻጽሮ ነው የመረጠው፤ ዋጋው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ምርጫውን በቀየረ። ለአንዳንዱ ደግሞ ሕመሙ ራሱ በሽታ አይመስለውም፤ «አስረውት ነው» ተብሏል፤ የታሰረ ሰው የሚሄደውም ወደ ፈቺ እንጂ ወደ ላቦራቶሪ አይደለም።

ከመቀጠላችን በፊት ለባህሉ የሚገባውን ክብር እንስጠው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን በቃል ብቻ አላስተላለፉም፤ በብራና ጽፈዋል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ሥራ እነዚህን የመድኃኒት መጻሕፍት ለዓለም ምሁራን አስተዋውቋል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥሬ ሥጋ የሚወደው ሕዝብ የኮሶ ትልን በኮሶ አበባ ሲያወጣ ኖሯል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ኮሶ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ደርሷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለመግደል የሚያስችል ግኝት ሆነ። ስለዚህ ዕፅዋቱ ኃይል አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። ኃይል አላቸው። ነገር ግን ኃይል ያለው ነገር ሁሉ ልክ ይፈልጋል፤ ኮሶም ትሉን እንደሚገድል ሁሉ ሲበዛ ጠጪውን የገደለበት ጊዜ አለ። «ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው የዛሬ ማስታወቂያ እንግዲህ ለባህሉ እንኳ ታማኝ አይደለም፤ የድሮዎቹ አዋቂዎች መድኃኒት መርዝም እንደሚሆን ያውቁ ነበርና።

ታዲያ ለብልት በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ባይሠራ ኖሮ ሰው ለምን ይመሰክርለታል? የዚህ መልስ በከፊል ያለው በበሽታዎቹ ጠባይ ውስጥ ነው። ቂጥኝን ውሰዱ። መጀመሪያ የሚታየው ቁስል አያምም፤ መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሥር ወቅጦ የጠጣ ሰው በአምስተኛው ሳምንት ቁስሉ ጠፍቶ ሲያይ ምስጋናውን ለሥሩ ይሰጣል፤ ተሕዋስያኑ ግን ደሙ ውስጥ አሉ፤ ለዓመታት አድፍጠው ልብንና አንጎልን ሊያጠቁ፣ ሚስትንና ፅንስን ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ሁሉ በጊዜው በተወጋ ፔኒሲሊን የሚቆም ነበር። የጨብጥ ፈሳሽም ሳይታከም ከሳምንታት በኋላ ሊቀንስ ወይም ሊቆም ይችላል፤ ባልየው ድኛለሁ ብሎ ሲያርፍ በሽታው በሚስቱ ማህፀን ቱቦ ውስጥ መካንነትን እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ በሽታዎች ላይ ማንኛውም ነገር፣ ንጹሕ ውኃ ሳይቀር፣ ፈዋሽ መስሎ ይታያል። ምስክሩ አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ያላየውን ግን ሊመሰክር አይችልም።

ስንፈተ ወሲብ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቪያግራ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ሲልዴናፊል በአሜሪካ ፈቃድ ባገኘበት በ1998 የታተመው ዋናው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ወንዶች የግንኙነት ሙከራዎች 69 በመቶው እንደተሳኩ ገለጸ። በዚያው ጥናት ምንም የሌለበት የማስመሰያ ክኒን የዋጡትም 22 በመቶው ሙከራቸው ተሳክቷል። ስለዚህ መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ማመን ብቻውን ለአንዳንዶች ፍርሃትን ሊያቀል ይችላል ማለት ነው፤ በተለይ የሕመሙ ምንጭ ጭንቀት በሆነበት ወጣት ላይ። የመድኃኒት አዋቂው ክብር፣ የዝግጅቱ ሥርዓት፣ የጠዋቱ ባዶ ሆድ ይህን እምነት ያጠነክራሉ። «ታዲያ ምን ጎዳው? እምነቱ ከፈወሰው ይፈውሰው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጭንቀት ብቻ ላለበት ሰው በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ከብዙ ነገር ይሻላል። ችግሩ ጭንቀት ብቻ ያለበት የትኛው፣ ደም ሥሩ የተዘጋው የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይለይ ለሁለቱም አንድ ጥቅል መሰጠቱ ነው።

መለየቱ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከራሱ የሚበልጥ ወሬ ይዞ ስለሚመጣ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 በሆኑ ወንዶች ላይ የተደረገውና በ1994 የታተመው ታዋቂ ጥናት 52 በመቶዎቹ በተለያየ መጠን ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። የወንድ ብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ስለዚህ ስብና ጠባሳ ደም ሥርን ማጥበብ ሲጀምር ምልክቱ አስቀድሞ እዚያ ሊታይ ይችላል። ደረት ላይ ሕመም ከመሰማቱ ሁለት፣ ሦስት ዓመት አስቀድሞ መኝታ ላይ የታየው ድካም ማስጠንቀቂያ የሆነላቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው። ስኳርም እንዲሁ ነው። በ2017 የወጣ፣ ከ88 ሺህ በላይ ወንዶችን ያካተቱ 145 ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ ከስኳር ሕሙማን ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስንፈተ ወሲብ እንዳለባቸው አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በትግራይ ሆስፒታሎች የስኳር ክትትል ባላቸው ወንዶች ላይ የታተመው ጥናት ደግሞ ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። ስኳር እንዳለባቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ባሉበት አገር ይህ ሕመም አንድን ወንድ ሐኪም ቤት ሊያደርስ የሚችል የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጉልቱ ምልክቱን ተቀብሎ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ያደበዝዘዋል። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው እግሩ ቆስሎ ወይም ልቡ ታሞ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተባለው መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ነው። «ወዲያው ይሠራል» የተባለውስ? በዚህ በኩል ያለው ማስረጃ የሚያስደነግጥ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ድብቅ መድኃኒት ያገኘባቸውን «ተፈጥሯዊ» ተጨማሪ ምግቦች ቆጥሮ 776 ምርቶች ላይ ደርሷል፤ ከእነዚህ 353ቱ ለወሲብ ኃይል የሚሸጡ ነበሩ፤ በብዛት የተገኘባቸውም ሲልዴናፊል ነው። ቅጠል ገዛሁ ያለው ሰው ልኩ ያልታወቀ ክኒን ሲውጥ ነበር ማለት ነው። ለልብ ሕመሙ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢደርብበት የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ሲንጋፖር ውስጥ በ2008 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለወሲብ ኃይል ይሸጡ የነበሩ ሕገወጥ ምርቶች ውስጥ፣ የዕፅዋት ቅመማ የተባሉት ጭምር፣ የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ በከፍተኛ መጠን ተገኘ። በአምስት ወር ገደማ ውስጥ የስኳር በሽታ የሌለባቸው 150 ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር አሽቆልቁሎ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ከ150ዎቹ እንዲህ ያለ መድኃኒት መውሰዳቸውን ያመኑት 45ቱ ብቻ ናቸው። አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሞት አፋፍ ደርሶ፣ ሐኪሙ ምን ወሰድክ ሲለው የማይናገር ሰው ብዙ ነው ማለት ነው። የዕፍረትን ክብደት ከዚህ በላይ የሚለካ ቁጥር ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ የሁለተኛው ወገን፣ የአዋቂው፣ ምስጢር ይመጣል። የባህሉ አዋቂ የመድኃኒቱን ስም አይናገርም፤ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል የሚል እምነት አለ፤ ዕውቀቱም ለተመረጠ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ይህ ልማድ በዘመኑ የሚያስኬድ ምክንያት ነበረው፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የባለቤትነት መብት የሚጠብቅ ሕግ ባልነበረበት ዘመን ምስጢር ብቸኛው አጥር ነበር። ዛሬ ግን የአዋቂው ምስጢርና የታማሚው ምስጢር አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሲገናኙ ምስክር የሌለው ሕክምና ይፈጠራል። የዳነው ለጓደኛው ሹክ ይላል፤ ያልዳነው አፍሮ ዝም ይላል፤ የተጎዳው ምን እንደጠጣ አያውቅም፤ የሞተውን የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ መልካሙ አዋቂና አጭበርባሪው የሚለዩበት መንገድ ይጠፋል፤ በዚህ የሚጎዳው መልካሙ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ማስረጃ የለውም።

ይህን ክርክር የሚቃወሙ ሦስት ጠንካራ ነጥቦች ይነሳሉ። የመጀመሪያው፣ አባቶቻችን በዚሁ ታክመው ወልደው ከብደዋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአባቶቻችን መካከል ያልወለዱት፣ በቂጥኝ የታወሩት፣ በወጣትነት የሞቱት ዘር አልተውምና ታሪካቸውን የሚነግረን የለም። አባቶች በዚያ ዘመን ምርጫ አልነበራቸውም፤ ያላቸውን ሁሉ ተጠቅመዋል፤ ቂጥኝ የያዘውን ሰው ወሸባ አስገብተው ከሰው ለይተው መድኃኒት ሲያጠጡት የኖሩት በወቅቱ ከዚያ የተሻለ ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው ነጥብ የፋርማሲውም ክኒን ያው ነው የሚል ነው። በዚህ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ሲልዴናፊል ያለ ማዘዣ በየመድኃኒት መደብሩ ይሸጣል፤ ጤነኛ ወጣቶች ለጉራ ይውጡታል፤ ሐሰተኛውም በኮንትሮባንድ ይገባል። ይህ ግን የሚያስረዳው ችግሩ የቅጠል ወይም የክኒን አለመሆኑን ነው፤ ያለ ምርመራ በድብቅ የተገዛ ክኒን ከጉልቱ ጥቅል የሚለየው በማሸጊያው ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የድሃ ሐኪም ቅጠል ነው የሚለው ነው። ለብዙ ገጠር ይህ ዛሬም ትክክል ነው። በከተማ ማስታወቂያ የሚነገርለት «ሙሉ ኮርስ» ግን ብዙ ጊዜ ርካሽ አይደለም፤ የስኳርና የግፊት ልኬት ደግሞ በጤና ጣቢያ ከሚሰጡት ቀላልና ርካሽ አገልግሎቶች አንዱ ነው።

ዕፅዋቱ ሲመረመሩ ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ በአገራችን ደን ውስጥ ምሳሌ አለ። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ቅርፊቱ በአፍሪካ ለሽንት ችግር ሲጠጣ ኖሯል። አውሮፓውያን ከቅርፊቱ ጭማቂ አዘጋጅተው ለፕሮስቴት እብጠት ይሸጡታል፤ ፍላጎቱ ከመብዛቱ የተነሳ ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በ2002 የተጠናቀረው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ቡድን ግምገማ ቅርፊቱን የወሰዱ ወንዶች መሻሻል አገኘን የማለት ዕድላቸው ማስመሰያ ከወሰዱት ከእጥፍ በላይ እንደሆነና ሌሊት ለሽንት መነሳታቸው በ19 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ፤ ጥናቶቹ አጫጭር መሆናቸውንም አልሸሸገም። በአሜሪካ ለዚሁ ችግር እጅግ የተወደደው ሶ ፓልሜቶ የተባለ ዘንባባ ግን በ2012 ሲገመገም ከማስመሰያው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደው ጂንሰንግም በ2021 ሲገመገም ጥቅሙ ኢምንት ነው ተባለ። በእኛ ዘንድ ለቡዳና ለዓይነ ጥላ የሚታጠነው ግዛዋ ሕንዶች አሽዋጋንዳ ብለው በካፕሱል የሚሸጡት ተክል ነው፤ ለወንድ ኃይል ይሰጣል እየተባለ ዓለምን ሲያዳርስ ከአይስላንድና ከአሜሪካ ጉበታቸው የተጎዳ ተጠቃሚዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። ምርመራ ባህልን ለማዋረድ የተዘጋጀ ወጥመድ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። የ1993ቱ የጤና ፖሊሲያችንም የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎን እንዲጠናና እንዲዳብር ያዘዘው ይህንኑ ልዩነት ለማወቅ ነው፤ ትእዛዙ ግን ወደ ጉልቱ መደብ አልወረደም።

እንግዲህ ችግሩ ዝምታ ከሆነ መፍትሔው ከስብከትም ከዘመቻም አይመጣም፤ ጤና ተቋሙ ጉልቱ የሚሰጠውን ነገር መስጠት ሲጀምር ይመጣል። በር የሚዘጋበት ክፍል፣ በካርድ ክፍል ሕመምን አለመጠየቅ፣ ወንድ ወይም ሴት ሐኪም የመምረጥ ዕድል፣ መድኃኒት ያለ ጥሪ የሚሰጥበት መስኮት ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ከሐኪሙ አፍ መጀመር አለበት። ለስኳርና ለግፊት ክትትል በየወሩ የሚመጣ ወንድ ስለ እግሩና ስለ ዓይኑ በሚጠየቅበት አፍ ስለ መኝታውም ቢጠየቅ፣ «ይህ በሽታ ይህንንም ያመጣል፤ ብዙ ሰው ላይ አለ» ቢባል፣ ግማሹ ዕፍረት እዚያው ይወድቃል። ቀጥሎ «የሐበሻ መድኃኒትስ ይወስዳሉ?» ተብሎ ያለ ግሣጼ መጠየቅ አለበት፤ የተገሠጸ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ከአዋቂዎቹም ጋር እንዲሁ ነው፤ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብሎ የሰደበ ተቋም ታማሚ ሊላክለት አይችልም። አንድ መድኃኒት አዋቂ ደንበኛውን «መጀመሪያ ስኳርህንና ግፊትህን ተለክተህ ና» ቢለው ሙያው አይቀንስም፤ እሱን ከአጭበርባሪው የሚለየው ይኸው ይሆናል። ወንዱም ቢሆን ከእሱ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ቅጠሉን ከመግዛቱ በፊት ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ፤ ከገዛም ምን እንደሆነ በስሙ ይጠይቅ፤ ስሙን የማይነግረው ሻጭ ዘንድ ገንዘቡን አያውጣ።